የአራት መቶ አስራ ሁለት ሰው እግር

ጫማ ሰሪዋ ከዓይን ሕክምና ተመልሳ የሱቋን በር የከፈተችው ሐሙስ ጠዋት ነበር። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ደሟ ፈላ። በጠረጴዛው ጥግ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የተቀመጠው፣ ሆዱ የተነፋው፣ አረንጓዴ ፊደል የሚጽፈው ስክሪን ቦታው ላይ የለም። በምትኩ እንደ መጽሐፍ ሽፋን የሳሳ ጥቁር ስክሪን ቆሟል። ከጎኑ ታናሽ ወንድሟ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ስጦታ ይዞ እንደመጣ ሰው ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ይጠብቃታል።

«እንኳን ደህና መጣሽ እትዬ! ለአዲስ ዓይን አዲስ ስክሪን!»

«የኔስ የት ሄደ?»

«የቱ?»

«አንተ ልጅ፣ ጨጓራዬን አትላጠው። ማሽኔ የት ሄደ?»

«ማሽኑማ ይኸው! ሣጥኑ ያው ነው። ውስጡን ነው ያሻሻልኩት።»

ይህ ሰው «አሻሻልኩት» ሲል የሰፈሩ ሰው ዕቃውን ይደብቃል። በጀርባው የሚጠሩትም «አቶ አሻሽል» እያሉ ነው። የጸጉር አስተካካዩን ማራገቢያ አሻሽሎለት፣ የተቆረጠው ጸጉር ሁሉ ተመልሶ ደንበኛው አፍ ውስጥ መግባት ጀምሮ ነበር። የሟች እናታቸውን ሬዲዮ ሲያሻሽለው ደግሞ የአየር ትንበያ ብቻ የሚናገር ሆኖ ቀረ። ስልክና ቴሌቪዥን ጠግኖ ያድራል፤ እጁ ወርቅ ነው። ችግሩ እጁ ማረፍ አለማወቁ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት እንኳ ለእህቱ ገና «አንተ ልጅ» ነው።

እሷን ግን ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላታል፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። በልጅነቷ ከያዛት ሕመም ቀኝ እግሯ አራት ሳንቲ ሜትር አጥሮ ቀርቷል። እናቷ ጨርቅ አጣጥፋ ጫማዋ ውስጥ ትጎዘጉዝላት ነበር፤ ጨርቁ እስከ እኩለ ቀን ይጠቀጠቅና ከሰዓቱን እንደ ጀልባ እየተናጠች ትውላለች። ጫማ ሥራ የተማረችው ማንም ስለላካት አይደለም፤ በንዴት ነው። የሰፈሩ ጫማ ሰሪ «አንቺ እንኳን ለመስፋት ለመቆምም አትመቺ» ስላላት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን እያየች ሙያውን ከጣቱ ላይ ለቅማ ወሰደችበት። በሃያ ሁለት ዓመቷ ሶሉ ከፍ ያለ ጫማ ለራሷ ሰርታ መንገዱን ስትሻገር፣ ሕንጻዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብለው ቆሙላት።

ከዚያ ወዲህ እግራቸው እኩል ያልሆነ፣ ጣታቸው የጎደለ፣ ተረከዛቸው የዞረ ሰዎች ሁሉ የእሷ ሆኑ። ባሏም የመጣው በዚያው በር ነው። የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነበር፤ ውስጥ እግሩ እንደ ሳንቃ የተጠፈጠፈ። ጫማውን ለመውሰድ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ በአራተኛው ሊያገባት ጠየቃት።

እሷ የደረሰችበት አሠራር የራሷ ነው። አንድ እግሩ ሦስት ሳንቲ ሜትር ላጠረ ሰው ሦስቱን ሳንቲ በአንድ ቀን አትሰጠውም። ሰውነቱ ዕድሜውን ሙሉ ማጋደሉን ለምዶታል፤ በድንገት ቢያቃኑት ወገቡ ይናጋል። ስለዚህ በየአራት ወሩ ሁለት ሚሊ ትጨምራለች። ደንበኛው ሲመለስ ወገቡ፣ ጉልበቱ፣ እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ ትጠይቃለች፤ መልሱ ይመዘገባል። መጨመር ያለበት ሰው አለ፤ መቆም ያለበት አለ፤ አንድ ሚሊ መመለስ ያለበትም አለ። ሜትር ዘርግተህ እግሩን ብትለካ እግሩን ታገኛለህ፤ የመጣበትን መንገድ ግን አታገኝም።

መንገዱ ያለው ማሽኑ ውስጥ ነበር። ፊት በካርቶን ካርዶች ላይ ትጽፈው ነበር፤ የፎቁ ቧንቧ ፈንድቶ ካርዱን ሁሉ ገንፎ አደረገው። በዚያው ዓመት አንድ የሚዘጋ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሩን ሲጥል ባሏ በጋሪ ጭኖ አመጣው። ሁለት ክረምት ቁጭ ብሎ፣ ለሚስቱ ብቻ የሚሆን ፕሮግራም ጻፈ። ማሽኑ ከላቲን ፊደል ሌላ ስለማያውቅ ነገሩን ሁሉ በላቲን ነበር የሚያሰፍረው። እሷ እየለካች ትጠራለች፤ እሱ ይጽፋል። ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ መጥራቱም መጻፉም የእሷ ሆነ። አራት መቶ አስራ ሁለት ሰው።

«አብራው» አለች።

ወንድሟ ትንሽ አመነታ። «ስክሪኑን ልንገርሽ መጀመሪያ። የድሮው መሰኪያ ባለ ዘጠኝ ፒን ነው። አሁን የስክሪኑን ካርድ ቀይሬ ባለ አስራ አምስት አደረግኩልሽ። ፊደሉ እንዴት እንደሚጠራ—»

«አብራው አልኩህ።»

አበራው። ነጭ ፊደል ቁልጭ ብሎ መጣ። አዲሱ ዓይኗ ያለ መነጽር አነበበው፤ ይህም ራሱ አናደዳት። ዲስክ የለም፤ ይላል ጽሑፉ። የተሰካው ዲስክ አልተዘጋጀም። ይዘጋጅ?

«ይሄ ምንድን ነው የሚለው?»

«እሱማ ቀላል ነው። ሣጥኑ ተከፍቶ የለ? እግረ መንገዴን የዲስኩን መቆጣጠሪያ ካርድም በተሻለ ተካሁት። የድሮው እኮ ለመነሳት ሦስት ደቂቃ ይፈጅ ነበር!»

«ሦስት ደቂቃዬን መልስልኝ ብዬሃለሁ? በሦስቱ ደቂቃ ክሬን ሰም እቀባ ነበር!»

«እና አዲሱ ካርድ ዲስኩን ገና አልተላመደውም። ከማክሰኞ ጀምሮ እያጠፋሁ እያበራሁ እየሞከርኩ ነው። አሁን ‹አዎ› ስለው ያዘጋጀዋል፣ ከዚያ—»

ጣቱ ወደ ኪቦርዱ ሲወርድ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ከመደርደሪያው ፎርማ የሚሉትን የእንጨት እግር አንስታ አንጓው ላይ አሳረፈችው።

«እትዬ! ሰበርሽኝ እኮ!»

«ሳትጠይቅ አትነካም! እዚያ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሰበስብ ጓደኛህ ጋ ደውል። አሁን! ድምፁን እኔም እንድሰማው አድርገው።»

ሰብሳቢው ከወዲያ በኩል ገና ወሬው ሳያልቅ ጮኸ። «እጅህን አንሳ! ‹አዎ› አልከው እንዴ?»

«አላልኩትም። እህቴ እጄን መታችኝ።»

«እግዜር ይስጣቸው! አንተ ስልክ ጠጋኝ፣ ይሄ እኮ የድሮ ዲስክ ነው። የተጻፈበትን ነገር የሚያውቀው የጻፈው ካርድ ብቻ ነው። ሌላ ካርድ ስትሰካበት ባዶ ይመስለዋል። ‹ላዘጋጀው› ሲል ‹ልላጨው› ማለቱ ነው። የድሮውን ካርድ መልሰህ ስካ፣ አለቀ።»

ስልኩ ተዘጋ። ወንድሟ የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«የድሮው ካርድ የት አለ?» አለች፤ ቀስ ብላ። እሷ ቀስ ብላ ስትናገር ነበር የሚያስፈራው።

«ትናንት… ቆራሌው ሲያልፍ… ከስክሪኑ ጋር አብሮ…»

«ስድስት ዓመት!» አለች። «ስድስት ዓመት ሙሉ ‹እባክህ የሰዎቼን ነገር ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥልኝ› ስልህ ‹ነገ እትዬ፣ ነገ› አልከኝ። ለመገልበጥ ጊዜ አጣህ፤ ለማጥፋት አራት ቀን አልጋዬ ላይ ሆኜ አገኘህ!»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽም ወይ ‹ይሄ ስክሪን ደበዘዘ፣ እንደፈለግክ አድርገው› ያልሽኝ?»

ብላለች። ሕክምና ከመግባቷ በፊት በነበረው ሳምንት ስክሪኑን በጡጫ እየመታች ብላለች። የደበዘዘው ግን ስክሪኑ አልነበረም፤ ዓይኗ ነበር። ሐኪሙ የዓይኗን ሞራ ሲገፍፍላት፣ ወንድሟ ጤነኛውን ስክሪን ሲያወልቅ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ሠርተዋል። እውነት ስለተናገረ ይባስ ተቆጣች።

«ውጣ! ምራኝ!»

የቆራሌዎቹ ግቢ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ነው። መንገዱን ሙሉ ከፊት ከፊት ሄደች፤ ጤነኛ እግር ያለው እሱ ሆኖ የሚያለከልከውም እሱ ነበር። ግቢው ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አንዲት ወፍራም ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በትልቅ መቀስ የኤሌክትሮኒክስ ካርዶችን ጠርዝ ትቆርጣለች። በካርዱ ጠርዝ ላይ የተደረደሩት ወርቅ የተቀቡ ጥርሶች ተቆርጠው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይወድቃሉ፤ የቀረው ካርድ ወደ ግራ ይወረወራል። በቀኟ ያልተቆረጠው ተከምሯል። መቀሱ ቅርጭ ባለ ቁጥር ጫማ ሰሪዋ ጥርሷን ትነክሳለች።

«ያቺን መቀስ አንዴ ያዢልኝ እህቴ» አለች።

ቆራጯ ቀና ብላ አየቻት። «ምን ጠፋዎት እማማ?»

«ይሄ ወንድሜ አእምሮው ጠፍቶበት ነው። ትናንት አብሮ አንድ ካርድ ጥሏል።»

«ኧረ በየቀኑ ነው የሚመጡት! ባል ይጥላል፣ ሚስት ትመጣለች» ብላ ሳቀች። «ፈልጉ። ግን ክምሩን ከበተናችሁት መልሳችሁ ትከምራላችሁ። እኔ አልጎነበስም፤ ወገቤ አይችልም።»

ወንድሟ በጉልበቱ ተንበርክኮ ካርዶቹን አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር። ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም አንድ ናቸው። «ረጅም ነበር፤ ሰፊ ገመድና ቀጭን ገመድ የሚሰካበት… ይሄ ይሆን? አይ…» እያለ ያጉተመትማል። ሠርቶ የኖረበት ሙያ እዚህ አልጠቀመውም። እሷ ግን ማየት ያለባትን ታውቃለች። ካርዱ ማስገቢያው ውስጥ እየላላ ሲያስቸግር ባሏ ሥሩ የሚጎዘጎዝ ነገር ጠይቋት፣ የገዛ እጇ የቆረጠችው ቀይ የፍየል ቆዳ በሙጫ ተለጥፎበታል። ሞራ ባለበት ዓይኗ ቢሆን በዚህ ሁሉ አረንጓዴ መሐል አታየውም ነበር።

«ያውና! ከክርንህ ሥር! አትርገጠው፣ አንተ እርኩስ!»

ካርዱ ሙሉ ነበር። ጥርሱ አልተነካም። የስክሪኑ ካርድ ግን በግራ በኩል ተገኘ፤ ጠርዙ ተቆርጦ፣ ከወገቡ በታች እንደሌለው አሻንጉሊት። ሆዱ የተነፋው ስክሪን ደግሞ ግድግዳው ሥር ፊቱ ተሰንጥቆ ወድቋል። ጫማ ሰሪዋ የተቆረጠውን ካርድ አንስታ ወንድሟ አፍንጫ ሥር ዘረጋችው። እሱም «ይቅርታ እትዬ» አለ።

«ዝም በልና ክምሩን ከምር።»

እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ተመለሱ። እሱ ሣጥኑን ከፈተ፤ እሷ ክንዷን አጣጥፋ ከራሱ በላይ ቆመች። ካርዱን ከነቀይ ቆዳው ወደ ቦታው አስገባ። ሰፊውን ገመድ ሊሰካ ሲል «ቀዩ መስመር በየት በኩል ነበር?» አለችው፤ እጁን አቆመ፤ አገላብጦ ሰካው። የድሮው የስክሪን ካርድ ስለሞተ አዲሱ ስክሪን በባለ አስራ አምስት ፒን መሰኪያው እንደተሰካ ቀረ። አበሩት።

ዲስኩ መጀመሪያ አቃሰተ። ቀጥሎ ከፍ እያለ የሚሄድ ፉጨት፤ ከዚያ እንደ ትንሽ መዶሻ ሦስት ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ያ ድምፅ ሃያ ስምንት ዓመት ጠዋት ጠዋት የሰማችው ነው። ሦስት ደቂቃው ሲሞላ የባሏ ፕሮግራም ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ።

«ይኸው!» ብሎ ወንድሟ ዘለለ።

ወዲያው ስክሪኑ ጠቆረ። ጥቁር፣ ባዶ፣ ምንም የለበትም። ዲስኩ ግን ይሽከረከራል።

«ምን አደረግከው ደግሞ?»

«እኔ አልነካሁም! ፕሮግራሙ… ጋሼ የጻፈው ለዚያ ለአረንጓዴው ስክሪን ነው። ፊደሉን የሚልከው ወደ ድሮው ካርድ ቦታ ነው፤ አዲሱ ካርድ እዚያ ቦታ ላይ አይጠብቀውም። ፕሮግራሙ ደህና ነው፣ እየሠራ ነው፤ እኛ ነን የማናየው። ቆይ፣ ሣጥኑን ልክፈትና አንድ ነገር ላሻሽ—»

«ያንን ቃል ከጨረስከው ምላስህን በወስፌ እሰፋዋለሁ! ቁጭ በል!»

ቁጭ አለ። እሷም ወንበሯን ስባ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ስክሪኑ ለእሷ አረንጓዴ ጭጋግ ነበር። በዓይኗ አልነበረም የምትሠራው። ሦስት፣ አስገባ፣ የሰውየው ቁጥር፣ አስገባ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ወደ ታች፣ ለፕሪንተሩ አንድ ቁልፍ። ጣቷ ክር የሚጎትተውን ያህል ያውቀዋል። አቧራ የጠገበውን ፕሪንተር አበራች፤ ጠርዙ የተበሳሳውን ረጅም ወረቀት ወንድሟ እንዲያስገባ በአገጯ አመለከተችው። ጥቁሩን ስክሪን ትኩር ብላ እያየች መታች።

ፕሪንተሩ እንደ ተናደደ ንብ ጮኸ። ወረቀቱ ወጣ። ቁጥር አንድ እሷ ራሷ ነበረች፤ ቀኝ እግር፣ አርባ ሚሊ የጎደለ። ቁመቱ፣ ስፋቱ፣ በየአራት ወሩ የተጨመረው። ከሥሩ ባሏ በላቲን ፊደል የጻፈው አንድ መስመር አለ፤ ዛሬ መደገፊያውን ሳትይዝ ደረጃ ወረደች፤ አላየሁም መስሏታል።

ወረቀቱን ወንድሟ ሳያየው ቀደደችና አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። «ምን አፍጥጠህ ታያለህ? ወረቀቱ ሲጣመም ዝም ልትል ነው?»

ከዚያ ቁጥር ሁለት። ቁጥር ሦስት። እሷ ትመታለች፤ እሱ ወረቀቱን እየተቀበለ ይቆርጣል፣ ያነባል፣ ይከምራል። «ቁጥር ዘጠና፣ ፖስታ አመላላሹ፣ ግራ እግር…» «ጮክ ብለህ! ጆሮዬንም አሻሻልከው እንዴ?» መቶ አለፈ። ሁለት መቶ አለፈ። አንዴ ጣቷ ተሳስቶ የትኛው ክፍል እንደገባች ጠፋት፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከመጀመሪያው ጀምራ መንገዱን አገኘችው። ደንበኛ መጥቶ በሩን ሲገፋ «ተዘግቷል!» አለች፤ ድምፅዋን የሰማው ሰው አልተከራከረም።

ሦስት መቶ ዘጠና አንደኛው ወረቀት ላይ ዲስኩ ፉጨቱን ለወጠ። ብረት በብረት ላይ ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት፣ ረጅም። ከዚያ ጠቅ አለ። ከዚያ ምንም።

እሱ ተነስቶ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ ለጠፈ። አጠፋ፣ አበራ። አጠፋ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ ስንት ጊዜ አጥፍተህ አበራኸው?» አለች።

«ሠላሳ… አርባ ይሆናል።» ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያረጀ ዲስክ መነሳቱ ነው የሚገድለው። ማወቅ ነበረብኝ። አውቅም ነበር፤ ሥራው ስላስደሰተኝ ረሳሁት። ላስደስትሽ ብዬ ነበር እኮ እትዬ።»

«አውቃለሁ!» አለች፤ ጮኸች ማለት ይቻላል። «ላስደስትሽ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ! ለክፋት ቢሆንማ እንዴት በቀለለኝ! አባርሬህ አርፍ ነበር!»

የቀሩት ሃያ አንድ ናቸው። መጨረሻ የመጡት፤ ማለት መንገዱን ገና ያልጨረሱት። አንዱ ላይ አራት ሚሊ ጨምራለች፣ አንዱ ላይ ስድስት፣ የማን የትኛው እንደሆነ እሷም በእርግጠኝነት አታውቅም። በግምት ብትሰፋ የአንዱ ወገብ ይከፍላል። ሁሉም መጥተው፣ የለበሱት ጫማ ተፈትቶ፣ ሶሉ በንብርብር ተቆጥሮ፣ ወገባቸው እንደ አዲስ ተጠይቆ መጀመር አለበት።

ስልኳን አወጣች። የሃያ አንዱንም የስልክ ቁጥር ታውቃለች። የመጀመሪያውን ደወለችና ስልኩን ለወንድሟ ዘረጋች።

«እኔ?» አለ።

«ማን ይሁን? ሟቹ?»

«ምን ልበል?»

«ያደረግከውን።»

ያነሳው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ድምፁም እንደ መኪናው። «አቤት እትዬ!»

«እ… እትዬ አይደለችም። ወንድሟ ነኝ።»

«ምነው፣ ምን ሆነች?»

«እሷ ደህና ናት። እርስዎ ነዎት… ማለት የእርስዎ እግር… መዝገቡ ጠፍቷል። ማሽኑን ላሻሽል ብዬ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እባክዎ መጥተው እንደገና…»

የሾፌሩ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ሁለት ዓመት ወገቤን ይዤ የተመላለስኩበትን ነው ያጠፋኸው? ለመሆኑ አንተን ማን ንካ አለህ? እናትህ ዝም ብለህ ቁጭ ማለት አላስተማረችህም?»

ወንድሟ ስልኩን ከጆሮው ለማራቅ ሲል እሷ እጁን ይዛ መልሳ ጆሮው ላይ ለጠፈችው። «አዎ» ይላል እሱ፤ «ልክ ነዎት። አዎ። ማንም አላለኝም። ልክ ነዎት።» ሾፌሩ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ፣ አንድ ሌላ ስድብ ጨምሮ ዘጋ።

ጫማ ሰሪዋ የወንድሟን ፊት አየችው። ጆሮው ቀልቷል፤ ግንባሩ ላይ የቆራሌዎቹ ግቢ ዝገት እንደተለጠፈ ነው። ልትጠርግለት እጇን አነሳች፤ ንዴቷ አልበርድ ብሎ መለሰችው። ሁለተኛውን ቁጥር ደወለች።

«ይቺ ደግሞ አስተማሪ ናት» አለችው ስልኩን እያቀበለች። «እሷ አትሳደብም፤ ታለቅሳለች። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ።»